ኮምፕረሰሩን እቤት ልፍታው?

በግቢዎ የሚሠራው፣ ለባለሙያ የሚተወው እና ከልጆች የሚርቀው

በአዲስ አበባ መንገድ ሲነዱ ከፊትዎ የምትሄደውን መርሴዲስ ከኋላ ልብ ብለው አይተዋት ያውቃሉ? ከሞዴሏ ቁጥር አጠገብ በብርማ ፊደላት «ኮምፕረሰር» ተብሎ የተጻፈባቸው ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቻችን ቃሉን የምናውቀው ከጎሚስታ ቤት ነው፤ ጎማ የሚነፋው ያ ጩኸታም ማሽን። ነገሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የጎሚስታው ኮምፕረሰር አየር አምቆ ጎማ ውስጥ ይከታል፤ የመኪናዋ ደግሞ በሞተሩ ጉልበት እየዞረ መልሶ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ይገፋለታል። ሱፐርቻርጀር የሚባለው እሱ ነው።

እነዚህ መኪኖች አሁን አርጅተዋል። ብዙዎቻችን የምናውቃት ሲ 180 እና ሲ 200 ኮምፕረሰር የምትመደብበት የሲ ክላስ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀምሮ በ2007 አካባቢ ያበቃ ነው። መኪናዋን ሸጦ በአዲስ የቤንዚን መኪና መተካት ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ያለችውን መኪና ይዞ መቆየት ግድ ሆኖበታል።

እንግዲህ አንድ ቀን ከመኪናዋ እንግዳ ድምፅ ይሰማል። ጋራዥ ትሄዳለች። «ኮምፕረሰሩ አልቋል፤ ሙሉው ይቀየር» ይባላል፤ የሚጠራው ዋጋ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስታውሳል። ማታ ላይ ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅዎ፣ ስልኩን እያሳየ «ቪዲዮ አይቻለሁ፤ እኔው እቤት ፈትቼ አድሰዋለሁ፤ ሮተሮቹንም እቀባቸዋለሁ» ይላል። ምን ይመልሱለታል?

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ መፍታቱን፣ ማጽዳቱን፣ ዘይቱን እና ኩሽኔታውን ይሞክረው። ሮተር መቀባቱን ግን ከታች ያለውን ካነበበ በኋላ ይወስን።

ሳይነካኩ የሚሽከረከሩ ሁለት ብረቶች

የኮምፕረሰሩ ቤት ሲከፈት ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት የአሉሚኒየም ሮተሮች ይታያሉ። በእነዚህ መርሴዲሶች ላይ የተገጠመውን የሠራው ኢተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ክንፍ አለው፤ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ እንደ ተጠማዘዘ ጧፍ ዞር ያሉ ናቸው። የአንዱ ክንፍ በሌላው ክንፎች መካከል ይገባል፤ ሁለት እጆችዎን ጣት በጣት ሲያቆላልፉ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሲሽከረከሩ በክንፎቹ እና በግድግዳው መካከል የተያዘው አየር ዙሪያውን ተጠርጎ ወደ ሞተሩ ይገፋል።

ሐሳቡ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ የሱፍ ፋብሪካ የነበራቸው ፊላንደር እና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 የባለቤትነት መብት አስመዘገቡበት። መጀመሪያ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ማራገቢያ ሆኖ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1870 ኒው ዮርክ ውስጥ በአየር ግፊት የምትገፋ የመሬት ውስጥ የሙከራ ባቡር ስትሠራ የምትነፋው በእነዚሁ ወንድማማቾች ማሽን ነበር። የመርሴዲስ ኮምፕረሰር መኪኖች ለሕዝብ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1921 በበርሊን የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ዛሬ ከኋላ የምናነበው ስም የመቶ ዓመት ስም ነው።

እኛ አገር ነገሩ የበለጠ ይገባናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር የማይገፋለት ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኮምፕረሰር ያላት ትንሽ ሞተር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ቤተሰብ ጭና ሳታጉረመርም የምትወጣው ስለሚገፋላት ነው። ኮምፕረሰሩ ሲደክምም መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያው ዳገት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለቱ ሮተሮች አይነካኩም፤ ግድግዳውንም አይነኩም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። ክፍተቱን የሚጠብቁት በሮተሮቹ ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ማርሾች ናቸው፤ ጥርስ ከጥርስ ይዘው ሁለቱን ሮተሮች ሁልጊዜ በአንድ ልክ ያዞሯቸዋል። ሞተሩ ጠንክሮ ሲሠራ ሮተሮቹ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ። በዚህ ፍጥነት ሳይነካኩ መሽከርከራቸው በጣም ያስደንቀኛል።

ክፍተቱን በአሉሚኒየም ብቻ በጣም ማጥበብ ያስፈራል፤ ብረት ሲሞቅ ይነፋል፣ ከተነካካ ይቀደዳል። ስለዚህ አምራቾቹ ሮተሮቹን በስስ ቅብ ይለብጧቸዋል። ቅቡ ክፍተቱን ያጠባል፤ ድንገት ቢነካ እንኳ የሚፋቀው ቅቡ ነው፣ ብረቱ አይጎዳም። ቅቡ ሲያልቅ ወይም ሲላጥ የተገፋው አየር በክፍተቱ ወደ ኋላ ይሾልካል። በዝግታ ሲዞር ለመሹለክ ብዙ ጊዜ ስላለው ጉድለቱ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። መኪናዋ ከትራፊክ መብራት ስትነሳ ትደክማለች፣ ፍጥነት ስትይዝ ደህና ትመስላለች። የተላጠው ፍርፋሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከአየሩ ጋር ወደ ሞተሩ ይጓዛል።

መጀመሪያ ያዳምጡት

አንድም ቡሎን ሳይፈታ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ቺንጋውን ያስወልቁ እና የኮምፕረሰሩን ፑሌጃ በእጅዎ ያዙሩት። እንደ ዘይት መፍሰስ ለስለስ ብሎ ከዞረ ደህና ነው። አሸዋ ውስጥ እንደገባ ነገር ከከረከረ፣ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ፣ ችግሩ ከፑሌጃው በስተኋላ ያለው ኩሽኔታ ነው። በብዙ የኢተን ኮምፕረሰሮች ውስጥ ፑሌጃውን ከሮተሮቹ ጋር የሚያያይዝ የፕላስቲክ ማገናኛም አለ፤ እሱ ሲበላ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ቆርቆሮ ውስጥ ሽምብራ የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። የአየር መውጫው በዘይት ከረጠበ ፓራዮሊው ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ ሳይኖር ጉልበት ብቻ ከጠፋ ደግሞ ኮምፕረሰሩን ለመክሰስ አይቸኩሉ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የጎማ ቱቦዎች በዕድሜ ብዛት ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ የአየር ማጣሪያውም በአቧራ ይታፈናል። ሁለቱም ከኮምፕረሰር ጋር ሲነጻጸሩ የኪስ ገንዘብ ናቸው። ማጣሪያው ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት በሌላም ምክንያት ነው፦ በተቀደደ ወይም በደንብ ባልገጠመ ማጣሪያ ያለፈ አቧራ ሮተሮቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ቅቡን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የሲ 180ውን ነገር ያየው በዚህ መንገድ ነበር። አንድ ጋራዥ ሙሉው ይቀየር ብሎታል። ቺንጋውን አውልቆ ፑሌጃውን ሲያዞረው የሚከረክረው የፊቱ ኩሽኔታ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሮተሮቹ በመግቢያው በኩል በባትሪ ሲታዩ ቅባቸው እንዳለ ነው፤ ቀጫጭን የፍትጊያ መስመሮች ብቻ አሉባቸው። ስለዚህ ሥራው «ኮምፕረሰር መቀየር» መሆኑ ቀርቶ ኩሽኔታ፣ ፓራዮሊ እና ዘይት ሆነ። ፓራዮሊውን እና ዘይቱን ከዋሽንግተን የምትመጣ የአክስታችን ልጅ በሻንጣዋ አመጣችለት። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ቡሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በተራ እየደረደረች ከየት እንደወጡ ትጽፍ ነበር። እስከ ዛሬ «የኔ መኪና» የምትለው ለዚህ ነው።

«የዕድሜ ልክ» ዘይት

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቃል ስመርጥ የምውል ሰው ስለሆንኩ «የዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። የኮምፕረሰሩ ማርሾች በራሳቸው ትንሽ ዘይት ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። አምራቹ የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም ይላል። ግን የማን ዕድሜ ነው? ቃሉን የጻፈው ሰው መኪናዋ አዲስ በተሸጠችበት አገር የሚኖራትን ዕድሜ አስቦ ነው እንጂ፣ ሦስተኛ ባለቤቷ ዘንድ ሃያ ዓመት ሞልቷት በአቧራ እና በዳገት ስትመላለስ አስቦ አይደለም።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ መርሴዲስ ሳትሆን ሚኒ ኩፐር ኤስ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 የተመረተችው። እሷም የኢተን ኮምፕረሰር አላት፤ የውኃ ፓምፗ ደግሞ የሚዞረው ከኮምፕረሰሩ ኋላ በሚወጣ ማርሽ ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ ይደርቃል፣ ማርሹ ይበላል፣ የውኃ ፓምፑ ይቆማል፣ ሞተሩ ይግላል። ባለቤቶቿ ዛሬ «የዕድሜ ልክ» የሚለውን ትተው በየጊዜው ይቀይሩታል። የሚያስፈልገው መጠን የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው፤ ለኮምፕረሰር ተብሎ የሚሸጠው ዘይት በ118 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚመጣ አለ። ሽታው አይጣል ነው፤ በረንዳ ላይ ይቀዳ፣ ሳሎን ውስጥ አይሞከር። የሞተር ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት «ያው ዘይት ነው» ተብሎ አይተካም። ሲበዛም ፓራዮሊውን ያስጨንቃል፤ በልኩ ይሁን።

በግቢ የሚሠራው

ኮምፕረሰሩ ከመኪናዋ ከመውረዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ እያንዳንዱ ቱቦ እና ሶኬት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ከወረደ በኋላ በሮቹን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኗቸው፤ ሞተሩ ላይ ክፍት የቀረውን ቀዳዳም እንዲሁ። አንዲት የወደቀች ቡሎን ሞተር ታበላሻለች። ውጪው በደንብ ሳይታጠብ ውስጡ አይከፈት።

የፊት አፍንጫው ሲፈታ ካቻቢቴ በሁለቱ የተጋጠሙ ገጾች መካከል ማስገባት ትልቅ ፈተና ነው፤ አይሸነፉ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ አንድ ጭረት ለዘላለም ዘይት ያስለቅሳል። ብዙ ጊዜ ለመፈንቀል ተብሎ የተተወ ትንሽ ጥርስ ከጎኑ አለ፤ ካልሆነ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መነካካት ይበቃል። ፑሌጃው በጥብቅ የተገጠመ ስለሆነ በመዶሻ አይወጣም። ባለ ሦስት እግር መንቀያ ከሌለዎት ቶርኖ ቤት ይውሰዱት፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የኩሽኔታው ቁጥር በቀለበቱ ላይ ተቀርጿል። ያንን ይዘው መርካቶ ሲሄዱ ቁጥሩን በሙሉ ይጻፉ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። ለምሳሌ «ሲ 3» የሚለው የውስጥ ክፍተቱ ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው፤ ለሚሞቅ ቦታ ታስቦ። ልኩ አንድ የሆነ ግን ለዝቅተኛ ፍጥነት የተሠራ ርካሽ ኩሽኔታ ይገጥማል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ቶሎ ይጮሃል። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ከማርሾቹ ጋር የተያያዙት ሮተሮች አንድ ላይ ከቤታቸው ይወጣሉ። እስከዚህ ድረስ ጠንቃቃ ሰው በግቢው ይሠራዋል። በሌላኛው ጫፍ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ግራሶአቸው ደርቆ ከሆነ ይጸዱ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይሞላባቸው ወይም ይቀየሩ።

ማርሾቹን ግን እዚያው ይተዋቸው። በሮተሩ ዘንግ ላይ በከባድ ግፊት የተገጠሙ ናቸው፤ አንዴ ከወጡ ሲመለሱ የፀጉር ያህል ዞር ካሉ የአንዱ ክንፍ ሌላውን ይነካል። ቀስ ብሎ በእጅ ሲዞር አይታወቅም፤ በ10,000 ዙር ግን አሉሚኒየም አሉሚኒየምን ይቀዳል፣ ፍርፋሪውም ወደ ሲሊንደር ይገባል። ያኔ የተበላሸው ኮምፕረሰር ብቻ አይሆንም።

ቅቡ

ሮተሮቹ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚያዩት ነገር ከሦስት አንዱ ነው፤ ውሳኔውም ከዚያው ይመጣል።

ቅቡ ሙሉ ሆኖ ጠቆር ያለ እና ለስላሳ ከሆነ፣ የፍትጊያ መስመር ቢኖርበትም እንኳ፣ አይንኩት። መስመሮቹ ቅቡ ሥራውን መሥራቱን ነው የሚያሳዩት። ሰው አንዴ ከፈታው በኋላ «እግረ መንገዴን ልቀባው» ይላል፤ ይህ «እግረ መንገዴን» ነው ብዙ መልካም ኮምፕረሰር የገደለው። በተቃራኒው ብረቱ ራሱ የተቦጨቀ፣ ክንፉ የተቀደደ ከሆነ ቅብ አያድነውም። ያን ጊዜ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሙሉ ኮምፕረሰር መፈለግ ይሻላል፤ ሲገዙም በእጅ አዙረው፣ በመግቢያው በባትሪ አይተው፣ ዘንጉን ነቅንቀው ይሁን።

ሦስተኛው ነው የሚያስቸግረው፦ ብረቱ ደህና፣ ቅቡ ግን በየቦታው እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም የተላጠ። ይህ እንዲሁ ተመልሶ መገጠም የለበትም፤ ልጣጩ ሞተር ውስጥ ይገባል።

እቤት የሚቀቡ ሰዎች የሚሄዱበት መንገድ እንዲህ ነው። አሮጌውን ቅብ ሙልጭ አድርገው ያነሳሉ። ብረቱን ቅብ እንዲይዝ በስሱ ያሻክሩታል፣ ቅባት በሚያጠፋ ፈሳሽ ያጥቡታል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካም፣ የጣት ወዝ ለቅብ መላጥ በቂ ነው። ቀጥሎ በግራፋይት፣ በሞሊብዲነም ወይም በቴፍሎን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ደረቅ ቅብ በስሱ እየደጋገሙ ይረጩበታል። ከዚያ እንደ ምርቱ መመሪያ በሙቀት ወይም በቀናት ብዛት እንዲጠነክር ይተዉታል።

ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት ነገር ግን ያከብደዋል። አንደኛው ሙቀት ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቤት ያለው የቆርቆሮ ቀለም ወይም የመኪና ስፕሬይ በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይላጣል። ቪዲዮ ላይ አብለጭልጮ የሚታየው ሮተር ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደመሰለ ቪዲዮው አያሳይም።

ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ልጆች ባልዲ ውኃ ይዘው ሲሽከረከሩ ክንዳቸው እንዴት እንደሚጎተት ያስታውሱ። አንድ ግራም ቅብ ከመሃሉ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ በአንድ ክንፍ ላይ ቢጠራቀም እና ሮተሩ በደቂቃ 12,000 ቢዞር፣ ዘንጉን ወደ ጎን የሚጎትተው ኃይል ከ4 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ነው። በየዙሩ፣ በሰከንድ 200 ጊዜ። አዲስ የገዙትን ኩሽኔታ የሚበላው ይህ ነው። ስለዚህ የቅቡ ጥራት በመልኩ አይለካም፤ በሦስቱም ክንፎች ላይ እኩል በመሆኑ ነው። ሁለቱ ሮተሮች በማርሾቻቸው ተያይዘው ሳሉ ደግሞ በጥልቁ ቦታ እኩል መርጨት በጣም ከባድ ነው። ለማለያየት ማርሾቹ መውጣት አለባቸው፤ ማርሾቹ ከወጡ ከላይ ወዳልነው አደጋ እንመለሳለን።

እኔን ከጠየቁኝ፣ መንገዱ ይህ ነው። የተላጠው ቅብ እቤት በጥንቃቄ ይነሳ። ሮተሮቹ ሳይለያዩ በጣም ስስ የሆነ ደረቅ ቅብ መቀባት ይቻላል፤ የሚመልሰው ጉልበት ትንሽ ነው፣ የሚያመጣው አደጋም ትንሽ ነው። ያለ ቅብ ቢገጠምም ኮምፕረሰሩ ይሠራል፤ በዝግታ ጊዜ ደከም ይላል እንጂ። እንደ ፋብሪካው ወፍራም ቅብ የሚፈልግ ሰው ግን ማርሾቹን በመለኪያ መልሶ የሚገጥም እና ሚዛን የሚያስተካክል ባለሙያ ያግኝ፤ ካላገኘ ይተወው። ለቤተሰብ መኪና አምስት የፈረስ ጉልበት ማጣት ሞተር ከማጣት ይሻላል።

ከልጆች የሚርቀው

አሮጌ ቅብ የሚያነሱ ፈሳሾችን በተመለከተ ረጋ ብለው ያንብቡ። ከሁሉ ፈጣኑ ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ነው። ትነቱ ሲተነፈስ ሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል፤ በከሰል ጭስ የምናውቀው ያው መርዝ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ገንዳ የሚያድሱ ሠራተኞች በዚህ ትነት ሞተዋል፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ያለበት የቀለም ማንሻ ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በገበያችን የሚያገኙት ቆርቆሮ ላይ ስሙ ካለ አይግዙት። ሌላውንም ቢሆን ሜዳ ላይ፣ በጓንት፣ በመነጽር እና ለኬሚካል ትነት በተሠራ ጭንብል ይጠቀሙ። ለአቧራ የምናደርገው የጨርቅ ጭንብል ትነት አያግድም።

«ካስቲክ ሶዳ ሁሉን ያነሳል» የሚል ምክርም ይሰማሉ። አሉሚኒየም ላይ በፍጹም። ሶዳው ቅቡን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይበላል፤ ሲበላም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የቱቦ መክፈቻ እና የምድጃ ማጽጃ ፈሳሾችም ብዙዎቹ ውስጣቸው ይኸው ነው።

በምድጃ የሚጠነክር ቅብ ከሆነ ደግሞ የቤቱን የዳቦ መጋገሪያ አይስጡ። እናትም ባልም ቢለምኑ አይስጡ። የቅቡ ትነት ምድጃው ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚጋገረው ድፎ ደግሞ የልጆች ነው። አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለ ለዚህ ሥራ ብቻ ተለይቶ ውጪ ይቀመጥ።

ሲመለስ

ሁሉም ነገር ተገጥሞ ከማለቁ በፊት ሮተሮቹ ቤታቸው ውስጥ በእጅ ይዙሩ፤ አንድ ዙር ሳይሆን ሃያ ሠላሳ ዙር፣ ጆሮ ተጠግቶ። ትንሽ «ክስስ» ካለ የት እንደሆነ ይፈለግ እንጂ «ይለምዳል» ተብሎ አይታለፍ። ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይተካ፤ በማጣበቂያ የሚዘጋ ከሆነ ማጣበቂያው በስሱ ይሁን፣ ወደ ውስጥ የፈሰሰው ትርፍ ተቆርጦ ሮተር መካከል ይገባልና። ዘይቱ በልኩ ተሞልቶ፣ ቺንጋው አቅጣጫውን ከፎቶው ጋር እያስተያዩ ተመልሶ፣ ሞተሩ መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ቆሞ ይሥራ። ከዚያ ጠፍቶ ይታይ፤ ዘይት የረጠበ ቦታ አለ?

የመጀመሪያው ጉዞ በሠፈር ይሁን፤ እንጦጦ ለሚቀጥለው ሳምንት ትቆይ። አሮጌውን ዘይት ወደ ቱቦ አይድፉት፤ በጠርሙስ አድርገው ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ። ከዚያ አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ወስደው የሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የኩሽኔታውን ቁጥር እና የዘይቱን ዓይነት ይጻፉበት።